ባሕር ያላየች የባሕር ምሁር

ከዳባት እስከ ራስ ዳሽን ስለ ባሕር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም እያልኩ ስፎክር ኖሬያለሁ። ትናንት ወደ ደባርቅ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ አጠገባቸው ያለችውን ወጣት ያዋሯት ነበር።

«በምንድን ነው የተመረቅሽው ልጄ?»

«የባሕርን ነፋስ በሳተላይት ራዳር በማጥናት፣ አባቴ።»

«ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ በፍጹም! ፈታኞቼም ይህንኑ ይዘው ሊጥሉኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን አልሻቸው?»

«መንደሬ አምቢኮ ዳገቱ ላይ ሆነን፣ ገብሱ ሲተኛ የነፋሱን ኃይል ከሩቅ እናውቅ የለ? ራዳሩም ከላይ ሆኖ ውሃው ሲሸበሸብ ያያል፤ ከዚያ ነፋሱን እናሰላለን አልኳቸው።»

«በእኛ ገብስ አለፍሽ በይኛ!»

«በከፍተኛ ማዕረግ!»

ሽማግሌው ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞሩ። «እናንተ፣ ምን ታፈጣላችሁ? እልል በሉላት እንጂ!»

ሚኒባሱ በእልልታ ሲናጥ፣ ምጽዋ ዋኝቻለሁ እያልኩ ሃያ ዓመት ያወራሁት፣ ጣናን እንኳ አይቼ የማላውቀው እኔ፣ አንገቴን ደፍቼ ከሁሉም በላይ አጨበጨብኩ።