በዕጣ ስለደረሰው ትልቁ ሞተር ሳይክል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ሸጌ ፈንታው
ዕድሜ፦ 48
አድራሻ፦ ላሊበላ ከተማ
ሥራ፦ የሆቴል ልብስ አጣቢ
ትምህርት፦ ትምህርት ቤት ያልገባች፤ በራሷ ጥረት ማንበብና መጻፍ የምትችል
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ጠዋት
ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን ቃለሕይወት ኢያቄም

ሟች እንዳለው ፈንታውና ተጠርጣሪው አዝመራው ፈንታው ሁለቱም ታናናሽ ወንድሞቼ ናቸው። አዝመራው አዲስ አበባ ሞተር ሲነዳ የኖረ ነው። እንዳለው ከባጃጅ በቀር ነድቶ አያውቅም። በጋራ ሁለት ያገለገሉ የስፖርት ሞተር ሳይክሎች ገዙ። አንደኛው ባለ አራት መቶ ሲሲ፣ ቀና ብለው የሚቀመጡበት፣ ለጀማሪ የሚታዘዝ ነው። ሁለተኛው ባለ ስድስት መቶ፣ ነጂውን ወደ ፊት የሚያስደፋ፣ ነዳጅ መስጫው ጥቂት ሲጠመዘዝ የሚፈተለክ ነው። ይህን ያስረዳን አዝመራው ሲሆን፣ ትንሹን ለእንዳለው አስቦ ነበር። እንዳለው ግን “ወንድም ጋሼ፣ አህያው ለእኔ፣ ፈረሱ ለአንተ?” ብሎ ተቀየመ።

የካቲት 1 ቀን እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ የንስሐ አባታችን አባ ገብረ ሊባኖስ ባሉበት በዕጣ ሊለዩ ተስማሙ። ዕጣ ጣይዋ እኔ ስለሆንሁ የማን ምልክት የትኛው እንደሆነ እንዳላይ ጓዳ ገባሁ። ስጠራ አባ አንድ የሸሚዝ ቁልፍና አንድ የጋቢ ክር በእጄ አኖሩ። ቁልፉን በትንሹ ሞተር፣ ክሩን በትልቁ ላይ አስቀመጥሁ። ክሩ የእንዳለው ነበር።

አዝመራው “ስድስት ወር በትንሹ ተለማመድ፤ ከዚያ ትልቁን ውሰድ” አለው። “ዕጣዬን አላውስም” አለ። አባም በዕጣ የደረሰ እንደማይለወጥ ተናገሩ። እኔ ይደገም ብል እንዳለው ሳቀና “እትዬ፣ የአባታችን መሬት ሲከፈል ጭንጫው ሲደርሰኝ ይደገም አላልሽም” አለኝ። እውነቱን ነበር።

የካቲት 7 ቀን ቅዳሜ ረፋድ ላይ በኤርፖርቱ መንገድ ሊሞክሯቸው ሲነሡ እንዳለው ከኋላው እንድቀመጥ ጠራኝ። ፈርቼ ከአዝመራው ኋላ ተቀመጥሁ። “አንቺም ትንሹን መረጥሽ” አለኝ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማሁም። ቁልቁለቱን እንደያዝን አዝመራው ቀስ እንዲል ጡሩምባ ቢነፋለትም ጥሎን ሄደ፤ ከዓይናችንም ተሰወረ። ኩርባው ላይ ስንደርስ ሞተሩ ከገደሉ አፍ ላይ ወድቆ ጎማው ይሽከረከር ነበር። እንዳለው ከታች ነበር። አዝመራው ወርዶ በጀርባው ተሸክሞ አወጣው፤ ነፍሱ ግን አልነበረችም።

የሟች ባለቤት ይማርሽ፣ አዝመራው አሳድዶ ገደል እንደከተተው፣ ዕጣውንም ከእኔ ጋር መክሮ እንዳስጣለ መናገሯን ሰምቻለሁ። አልፈርድባትም። አዝመራው አልደረሰበትም፤ በትንሹ ሞተር ሆኖ ሊደርስበትም አይችልም። ክሩን በትልቁ ላይ ያኖረችው የእኔ እጅ ናት፤ የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ይህን ልነግራት ለቅሶ ቤት ብሄድ ፊቷን አዞረችብኝ። ትናንት ከመቃብሩ ተነሥቼ ለታሰረው አዝመራው ምሳ ይዤ ጣቢያ መጣሁ። እሱም አልበላም።

ምክትል ሳጅኑ ቃሌን ሊያነብልኝ ሲል ተቀብዬ ራሴ አንብቤዋለሁ። “የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ” የሚል ተጽፎ ስላገኘሁ፣ እኔ ይህን ስላላልሁ አሰርዤ በስርዙ ላይ ፈርሜያለሁ። የቀረው ሁሉ ያየሁትና የሰማሁት እውነት ነው።

የምስክር ፊርማ፦ ሸጌ ፈንታው
ቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ቃለሕይወት ኢያቄም