የእትዬ በላይነሽ መሐረብ

ያን ቀን መቆጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ፒያሳ መድኃኒት ቤት ስሠራ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የሚኖሩት እትዬ በላይነሽ ሽንታቸውን እያቃጠላቸው ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። የያዙት የሐኪም ወረቀት፣ ጀርሙ የሚውጡትን አምፒሲሊን ስለተላመደው መርፌ ብቻ እንደቀራቸው ይናገራል። መርፌው ደግሞ ከከተማው ከጠፋ ሰንብቷል። “ስንቴ ነገርኩዎት እትዬ! ተሻለኝ ብለው አያቋርጡት፣ ይጨርሱት አላልኩም?” ብዬ ጮኽኩባቸው። ከጉያቸው መሐረብ አውጥተው ባንኮኒው ላይ ፈቱት። ባለፈው ሁለት ጊዜ የሰጠኋቸው ቀይና ጥቁር ካፕሱል፣ ከግማሽ በላይ ተርፎ ቁጭ ብሏል።

“ማቃጠሉ በረድ ሲልልኝ ለበኃይሉ አስቀምጥለታለሁ” አሉኝ። በኃይሉ ግንባር የዘመተ አንድ ልጃቸው ነው። “ቢቆስል ከፍቶ ዱቄቱን ይነሰንስበታል። ነገ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ።” ከዚያ የሐኪሙን ወረቀት በጣታቸው ነካ አድርገው፣ “ልጄ፣ ለእኔ እምቢ ያለው ለእሱም እምቢ ይለው ይሆን?” ብለው ጠየቁኝ። ስለራሳቸው አንድም ቃል አላነሱም። ቁስል ላይ የተነሰነሰ ዱቄት እንደማያድን እያወቅሁ፣ “ለእሱ ይሠራል” አልኳቸው፤ መሐረቡንም በእጄ ቋጠርኩላቸው። መርፌው መድኃኒት ቤታችን የገባው የእትዬ በላይነሽ አርባ ከወጣ በኋላ ነው።