የሚስከር በርበሬ ስምና ሁለት ባዶ ወረቀቶች

የምስክር ስም፦ ሩቅያ ጀውሀር ሙሐመዲን
ዕድሜ፦ 38
አድራሻ፦ ኮምቦልቻ ከተማ
ሥራ፦ በርበሬ አዘጋጅታ ወደ ውጭ የምትልክ
ጉዳዩ፦ በሐሰተኛ ሰነድ የንግድ ስም ስለመውሰድ የቀረበ አቤቱታ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ከረፋዱ 4፡00 ሰዓት
ቃሉን የተቀበሉት፦ ረዳት ኢንስፔክተር ምስጋና ሁንዴ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር እውነቱን ለመናገር በአላህ ስም ምዬ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ከ2000 እስከ 2013 ዓ.ም በሳዑዲ ዓረቢያ ጅዳ ከተማ፣ በኒ ማሊክ በሚባለው ሰፈር ከባለቤቴ ጋር በኪራይ ክፍል ስኖር በየሰው ቤት በተመላላሽነት እሠራ ነበር። ተጠርጣሪዋን ወይዘሮ በድሪያ ኢስማኢልን ያወቅኳት በ2005 ዓ.ም ነው። ቤተሰቦቿ ከወሎ ሄደው መካ ውስጥ ነካሳ ከሰፈሩ ሦስት ትውልድ ሆኗቸዋል፤ እሷም እዚያው ተወልዳ ያደገች የሳዑዲ ዜጋ ናት። ልጄን ሚስከርን በወለድኩበት ሰሞን እሷም አማር የሚባል ልጅ ወልዳ በጠና ታማ ስለነበር፣ ልጇን ከልጄ ጋር ሁለት ወር አጥብቼዋለሁ። በሃይማኖታችን ሥርዓት አማር የጡት ልጄ ነው፤ ከሚስከር ጋር ወንድምና እህት ስለሆኑ አይጋቡም። ይህን ያነሳሁት ለወሬ ማሳመሪያ ሳይሆን፣ ወረቀት ሳልጠይቅ ለምን እንዳመንኳት መርማሪው ስለጠየቁኝ ነው።

የበርበሬው ሥራ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው። የምሠራላት ማዳም በርበሬዬን ሩዝ ላይ ነስንሳ ከቀመሰች በኋላ እንባዋን እየጠረገች ደግማ ስትጠይቀኝ፣ አረቦችም እንደሚገዙኝ ገባኝ። ፍሬውን አውጥቼ፣ ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርት አብዝቼ፣ ለስለስ ያለ አዘጋጀሁ። ለሀበሻው የሚያቃጥለውን አልቀየርኩም። በፌስታል ሳቀርበው ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ ቀለሙ በሚታይ ትንሽ ጠርሙስ ሳደርገው ግን ተሻሙበት። በረመዳን ነካሳ ወርጄ በማፍጠሪያ ሰዓት በሳምቡሳ እያደረግኩ በነጻ አስቀመስኩ። በሰፈሩ የሚኖሩት የበርማዎቹና የሀውሳዎቹ ሴቶች ምላስ አንድ ስላልሆነ፣ የእያንዳንዳቸውን ፍላጎት ሳጠና ሁለት ረመዳን አልፏል። ዕቃው በልጄ ስም “ሚስከር” ተባለ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

የኔ ዓይነት ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለው ሰው የንግድ ፈቃድ ማውጣት ስለማይችል፣ ፈቃዱን በድሪያ በስሟ አወጣች። ፈቃዱ የሷ፣ ስሙና አሠራሩ የኔ እንዲሆን እሷ ቤት ተቀምጠን ተስማማን፤ ፋቲሃም ቀራን። በኛ ዘንድ ፋቲሃ ከተቀራ በኋላ ውል እንጻፍ ማለት “አላምንሽም” ማለት ነው፤ የጡት ልጅ እናትን እንዲህ ማለት ደግሞ ነውር ነው። ነውሩን ፈርቼ ውል አልጠየቅኩም።

ሰኔ 2013 ዓ.ም በርበሬውን ከምንጩ አዘጋጅቼ ለመላክ ጠቅልዬ ወደ ኮምቦልቻ ስመለስ፣ በድሪያ አማርን ይዛ ልትሸኘኝ በኒ ማሊክ መጣች። ሻንጣ ስዘጋ ለማዘጋጃ ቤቱ ጉዳይ ነው ብላ ሁለት ባዶ ወረቀት አውጥታ፣ “ያ ሩቅያ፣ በላዲያው አንድ ዋረቃ በጠየቀ ቁጥር ከኮምቦልቻ ልትመጪ ነው? ፈርመሽ ተይልኝ፣ የላ፣ ታክሲው ቆሟል” አለችኝ። ሁለቱንም ከታች ፈረምኩ። አማር ሻንጣዬን ይዞ እንደ እናቱ ቆጥሮኝ እያለቀሰ ሸኘኝ።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት ከመንፈቅ ዕቃው ያለ ችግር ሄዷል። ጥር 2017 ዓ.ም ለረመዳን ገበያ የላክሁት በርበሬ ግን ጅዳ ወደብ ላይ ተያዘ። ምክንያቱን ሳስጠይቅ፣ የንግድ ምልክቱ ባለቤት ዕቃው አስመስሎ የተሠራ ነው ብለው አመልክተዋል ተባልኩ። በገዛ ልጄ ስም አስመሳይ ተባልኩ። ስህተት መስሎኝ በድሪያ እንድታስተካክለው ደጋግሜ ደወልኩ፤ አላነሳችም።

የካቲት 2017 ዓ.ም በዑምራ ቪዛ ሄጄ በኒ ማሊክ ስደርስ፣ ሱቆቹ ውስጥ “ሚስከር” ተደርድሯል። አንዱን ከፍቼ ቀመስኩት። ጠርሙሱና ላዩ ላይ የተለጠፈው ሥዕል የኔ ነው፤ በርበሬው ግን የኔ አይደለም፣ ከየት እንደመጣም አላውቅም። በማግሥቱ በጅዳና በመካ መካከል ያለችው ባሕራ ሄጄ በጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት የሚያትምልንን ከማልን አገኘሁት። ዓይኔን ማየት አቅቶት፣ “ኡኽቲ፣ አንቺ ሸጠሽላት የሄድሽ ነው የመሰለን፤ ፊርማሽ ያለበትን ወረቀት አሳይታናለች” አለኝ።

የዚያኑ ዕለት ከአስር ሶላት በኋላ ነካሳ እቤቷ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆማ ግቢ እንኳ አላለችኝም። ለምን እንዲህ እንዳደረገች ስጠይቃት፣ “ምን ልሁን ነው የምትይው? ምልክቱን በስሜ ተስጂል አድርጌ አስመዝግቤዋለሁ፣ ኸላስ። ዛላውን በጆንያ ላኪልኝ፣ እገዛሻለሁ። ስሙን ግን እርሽው” አለች። የጡት ልጄን ጥሪልኝ ስላት በሩን ዘጋችው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ አወዳደቁን ግን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። ከዘመድም ከገበያም በአንድ በር ተባረርኩ።

ወደ አገሬ ከተመለስኩ በኋላ፣ የበድሪያ ወኪል “ሚስከር” የሚለውን ስም በኢትዮጵያም በሷ ስም ለማስመዝገብ ማመልከቱን ሰማሁ። ይህም ከጸደቀ እዚሁ ኮምቦልቻ በልጄ ስም አንድ ጠርሙስ መሸጥ አልችልም። ለማመልከቻው የቀረበው ሰነድ በሐሰት የተሠራ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ፈርሜ አላውቅም ብዬ ለፖሊስ ያመለከትኩት ስለዚህ ነው። ሳመለክት ዋናውን ሰነድ አላየሁትም ነበር።

ዛሬ መርማሪው ዋናውን አሳይተውኛል። በአረብኛ የተተየበ ሆኖ፣ ከተያያዘው ትርጉም እንደሰማሁት፣ ስሙን በአገር ውስጥም በውጭም ለበድሪያ በፈቃዴ አሳልፌ እንደሰጠሁ ይገልጻል። ፊርማው የኔ መሆን አለመሆኑን ተጠይቄያለሁ። የኔ አይደለም ካልኩ ለቴክኒክ ምርመራ እንደሚላክ፣ የኔ ነው ካልኩ ግን አቤቱታዬ እንደሚዳከም መርማሪው አስረድተውኛል። ውሃ ጠይቄ ጠጥቻለሁ። ልጄ ሚስከር ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ “ዛሬ ስሜን ታስመልሺዋለሽ አይደል?” እንዳለችኝም አስታውሻለሁ።

ፊርማው የኔ ነው። ሻንጣዬ ላይ ተደግፌ ስለፈረምኩ የመጨረሻው ፊደል ወደ ታች ወርዷል፤ አውቀዋለሁ። ስፈርም ግን ከፊርማዬ በላይ አንድም ቃል አልነበረም። ለዚህ ምስክር አለሽ ወይ ተብዬ፣ ባለቤቴና ሚስከር ታክሲው ውስጥ ስለነበሩ፣ ከኔና ከበድሪያ ሌላ ያየ አማር ብቻ ነው ብያለሁ። በእናቱ ላይ እንዲመሰክር ይጠራልሽ ወይ ስባል፣ አልፈልግም፣ አጥብቼዋለሁ ብያለሁ።

ከዚህ በላይ ያለው ከአፌ የወጣ እውነት ነው፤ የጨመረልኝም የቀነሰብኝም የለም። ቃሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ከመፈረሜ በፊት፣ በመጨረሻው መስመርና በፊርማዬ መካከል የቀረው ባዶ ቦታ በእስክሪብቶ እንዲሰረዝልኝ ጠይቄ፣ መሰረዙን በዓይኔ አይቼ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሩቅያ ጀውሀር
ቃሉን የተቀበሉት ፊርማ፦ ረዳት ኢንስፔክተር ምስጋና ሁንዴ