ሙጫና አጭር አድራሻ

ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ስወጣ ጎረቤቴን አታሚውን በር ላይ አገኘኋቸው። ሦስት ትልልቅ ጠርሙስ ሙጫ ታቅፈው ስለነበር ለሰላምታ እጅ አልተረፋቸውም፤ በአገጫቸው ሰላም አሉኝ።

«ምነው፣ ቤቱን በሙጫ ሊያቆሙት ነው?» አልኳቸው።

«ይቀልዱ መምህር፣ ይቀልዱ። አራት መቶ መጽሐፍ ተመልሶብኛል።»

አንዱን ጠርሙስ ተቀብያቸው አብረን ወደ ማተሚያ ቤታቸው ሄድን። በመንገድ ላይ ጉዳዩን አጫወቱኝ። አምና መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት የምልክት ቋንቋ መጽሐፍ አትመው ነበር። በየገጹ ግርጌ አጭር የኢንተርኔት አድራሻ አለ፤ ተማሪው ስልክ ላይ ሲጽፈው የአስተማሪዋ ቪዲዮ ይከፈትለታል። የቪዲዮዎቹ እውነተኛ አድራሻ በጣም ረጅም ስለሆነ ያሳጠሩት በነጻ በሚያሳጥር አንድ ድርጅት ነው። ባለፈው ወር ድርጅቱ ተዘጋ፤ የኢንተርኔት ስሙንም ሌላ ሰው ገዛው። አሁን ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ያለውን አድራሻ የሚጽፍ ልጅ የሚያየው የቁማር ማስታወቂያ ነው።

ይህን መጀመሪያ ያየችው እዚያው የምትማረው የልጅ ልጃቸው ናት።

«መጽሐፉን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው» አሉኝ። «‹አባባ፣ ይህን አንተ ነህ ያተምከው?› ብላ በእጇ ጠየቀችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።»

ጎረቤቴ ስህተት እንቅልፍ የሚነሳቸው ሰው ናቸው። አንዲት ቃል ብትሳሳት፣ ደንበኛው ምንም ባይላቸው እንኳ፣ ማረሚያ ቁራጭ አትመው በየመጽሐፉ ላይ በእጃቸው ይለጥፋሉ። በዚህ ጠባያቸው አከብራቸዋለሁ። ግትርነታቸውን ግን አልወድላቸውም፤ ያን ዕለት ደግሞ እኔም አብሬያቸው ግትር ሆንኩ።

ስንደርስ የእህታቸው ልጅ፣ የኮምፒውተር ትምህርቷን ዘንድሮ የጨረሰችው፣ በላስቲክ የታሰሩ የማረሚያ ቁራጮች ፊት ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይህን አይለጥፉት» አለች። «ይህም የሌላ ነጻ ድርጅት አድራሻ ነው።»

«ይሄኛው ትልቅ ነው፤ አይዘጋም።»

«ያኛውስ ትንሽ ነበር?»

አታሚው ሙጫውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። «ታዲያ ረጅሙን ልናትም ነው? የስምንት ዓመት ልጅ ሁለት መስመር ሙሉ ፊደልና ቁጥር ሳይሳሳት ይጽፋል? መጽሐፎቹ ሰኞ ይፈለጋሉ፤ ቃል ገብቻለሁ!»

«አጭሩን እኛው እንሥራው እንጂ። የሚያሳጥረው ፕሮግራም ቀላል ነው፤ ያ ስክሪኑ የተሰነጠቀው ላፕቶፕ ይበቃዋል። በማተሚያ ቤታችን የተመዘገበ የኢንተርኔት ስም አለን። ልጁ ከስማችን ቀጥሎ የገጹን ቁጥር ብቻ ይጽፋል። ኮምፒውተራችን ዝርዝሩን አይቶ ቪዲዮው ወዳለበት ይልከዋል። ሌላ ሥራ የለውም።»

«ልጄ፣ እኛ አታሚ ነን። የማናውቀው ነገር ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገን?»

«መብራት ቢጠፋስ?» ብዬ እኔም ጣልቃ ገባሁ፤ ትልቅ ጥያቄ የጠየቅሁ መስሎኝ።

«ባትሪ ጥቂት ሰዓት ያቆየዋል መምህር። ከዚያ ካለፈ አድራሻው አይሠራም፤ አልዋሽዎትም። መብራት ሲመጣ ግን ይመለሳል። ያኛው ሄዶ ቀረ።»

«ኮምፒውተሩ ቢበላሽስ?» አሉ አጎቷ።

«ጋሼ፣ ካተሙት ሥራ ሁሉ አንዳንድ ናሙና ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡ የለ? እኔም የዝርዝሩን ግልባጭ ለብቻው አስቀምጣለሁ። ማሽኑ ቢሞት ሌላ ማሽን ላይ እጭነዋለሁ። ስሙ የራሳችን ስለሆነ የታተመው አድራሻ አይለወጥም።»

አታሚው የሙጫውን ክዳን ይከፍቱ ጀመር። እሷ ግን አልለቀቀቻቸውም።

«ድርጅቱ ሲዘጋ ለማን አቤት አሉ?»

«ለማን እላለሁ? ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ መልስ የሚሰጥ ሰው የለም።»

«የእኛ ቢበላሽ ያቺ የልጅ ልጅዎ መጽሐፏን ይዛ ወዴት እንደምትመጣ ታውቃለች። ደግሞ ማረሚያ መለጠፍ ይወዱ የለ? ቪዲዮው ቦታ ሲቀይር እዚህ ዝርዝሩ ላይ አንዴ ያርሙታል፤ መጽሐፉ ሁሉ ይታረማል።»

ጎረቤቴ ቀና አሉ። «ከእጄ የወጣውም? በየልጁ ቤት ያለውም?»

«እሱም።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልሆነላቸው ይህ ነበር። ተሸጦ የሄደን መጽሐፍ ተከትሎ ማረም የሚችል አታሚ አይቼ አላውቅም። ተነሥተው የታሰሩትን ቁራጮች አንድ በአንድ ቅርጫት ውስጥ ጣሏቸው። እኔም ሽንፈቴን በጸጋ ተቀበልኩ።

«ሙጫውስ?» አልኳቸው።

«ሙጫው ይፈለጋል! የድሮው አድራሻ በእኛ እጅ ስላልሆነ መጽሐፉ ላይ የግድ የራሳችንን መለጠፍ አለብን። የመጨረሻው ይሁን።»

በማግስቱ ላፕቶፑ ሥራ ጀመረ። አዲሱን ማረሚያ አትመን ለሦስት ስንለጥፍ ሰነበትን፤ እኔ የለጠፍኩት ጠሞ እንደገና እንድሠራው ታዘዝኩ። ሰኞ ጠዋት መጽሐፎቹ ደረሱ።

ከሁለት ወር በኋላ ትምህርት ቤቱ ቪዲዮዎቹን ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ አዛወረ። መልእክቱ ሲደርስ እዚያው ነበርኩ። አታሚው ልማድ ሆኖባቸው ወደ ሙጫው መደርደሪያ ሁለት እርምጃ ሄዱና ተመለሱ። ላፕቶፑ ጋ ተቀምጠው መነጽራቸውን አድርገው ሠላሳ ስድስቱንም አድራሻ በአንድ ጣት እየጻፉ አረሙ። ያለ ነጻው ድርጅት ደግነት፣ መጽሐፍ ሳይመለስ፣ ወረቀት ሳይባክን፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነገሩ አለቀ። በገዛ እጅ የተያዘ ነገር ጥቅሙ ይኸው ነው፤ እኔ በክርክሩ ያልገባኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

ማታ ቤታቸው ሸኘኋቸው። የልጅ ልጃቸው ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ገጽ አሥራ ሁለትን ከፍታ፣ ስልኩ ላይ ካለችው አስተማሪዋ ጋር እጇን እያንቀሳቀሰች ታጠናለች። አያቷ ኮታቸውን ሳያወልቁ ከኋላዋ ቆመው ቀሩ። ዞር ብላ አየቻቸውና በእጇ «ምን ተፈጠረ?» አለቻቸው።

ቀለም ያልለቀቀውን ጣታቸውን አነሱ። «ምንም» አሏት። «ቀጥይ።»