ማብሪያው ላይ የተሰቀለው ቆብ

ወዳጆቼ፣ ብርጭቆ ከመነሣቱ በፊት ትንሽ ታገሡኝ። አጠገቤ ለተቀመጡት ለጋሼ አጥፋው ይህን ስም እናታቸው አላወጡላቸውም፤ ያወጣነው እኛ ነን፣ ያውም በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት እኛ ዘንድ ሥራ በጀመሩበት ዕለት። ቢሮ እንደገቡ የሻይ ማፍያው የተሰካበትን ሶኬት በእጃቸው ጀርባ ዳሰስ አደረጉና፣ "ይሄ ይሞቃል። ዋናው ማብሪያ የት ነው?" አሉ። አሳየናቸው። ቀጭ! ሕንፃው በሙሉ ጨለመ። አለቃችን ሽንት ቤት ነበር።

"ማነው ያጠፋው?" ይላል ከውስጥ።

"አዲሱ ሠራተኛ ነኝ፤ ትንሽ ይታገሡ" አሉት፣ ሶኬቱን እየፈቱ።

ያን ዕለት ያልተባረሩ ሰው ዛሬ በጡረታ ሲሸኙ ማየት ደስ ይላል።

ቆባቸውን መቼም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሥራ ቦታ ሲደርሱ መብራቱን ያጠፋሉ፣ ማንም እንዳያበራው ማብሪያው ላይ ቆባቸውን ይሰቅላሉ፣ ከዚያ ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ አለመቅረቱን በቴስተር ይፈትሻሉ። ቴስተሩንም አያምኑትም፤ አስቀድመው መብራት ያለበት ሶኬት ላይ ይሞክሩታል። "ውሸታም ቴስተር ከሌባ ይብሳል" ይላሉ። እዚህ ካለነው መካከል "ያጠፋሁት ራሴ ነኝ እኮ!" ብሎ፣ "እሺ የኔ ጌታ፣ አሁን ደግሞ ሽቦው ይንገረኝ" ያልተባለ የለም። ቆቡ ማብሪያ ላይ ስለሚውል ፀሐይ የሚያርፈው አናታቸው ላይ ነው። ፀጉራቸው የት ሄደ ለምትሉ፣ መልሱ ይኸው።

አንድ ደንበኛ የቴሌቪዥን ኳስ ጨዋታ ሊያመልጠው ሲል፣ "ቆቡን ላንሣው?" ብሎ ጮኸ። ጋሼ ጣሪያ ሥር ሆነው፣ "አንሣው፤ መጀመሪያ ግን ለሚስቴ ደውልላት" አሉት። ሰውዬው ጨዋታውን ጎረቤት ሄዶ አየ።

እዚያ ጥግ የተቀመጠችው እህቴ ናት። ጓሮዋ ባለው ክፍል የልብስ ማጠቢያ ማሽን ልታስገባ ጠራችን። "ከሳሎን ሽቦ ስባችሁ አንድ ሶኬት ግጠሙልኝ፤ ዘመድ አይደላችሁ?" አለች። ጋሼ ወለሉን አዩት፤ እርጥብ ነው። "እመቤቴ፣ ውሃ ዘመድ አያውቅም" አሉ። ራሱን የቻለ መስመር በቱቦ አድርገው መሬት ውስጥ ቀበሩ፤ ወደ መሬት የሚወርደውን የኧርዝ ሽቦ አስገቡ፤ ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ በራሱ የሚቆርጥ ብሬከር ገጠሙ። እህቴ ግቢዋ ስለተቆፈረ አኮረፈችን።

በዓመቱ ደወለች፤ ተናዳለች። "ያ ሽማግሌ የሠራው ነገር ማሽኑን ባስነሣሁ ቁጥር ይጠፋል!" ጋሼ ስልኩን ከእጄ ነጠቁና፣ "እሰይ! ማሽኑን እንዳትነኪ፣ መጣን" አሏት። ሄደን ማሽኑን ሲከፍቱት የአንድ ሽቦ ልባስ ተልጦ ሽቦው የማሽኑን ብረት ነክቷል። እህቴ ባዶ እግሯን፣ እጇ አረፋ እንደያዘ ቆማ ታያለች።

"ልጄ፣ ዛሬ ያተረፈሽ የተናደድሽበት ብሬከር ነው።"

እህቴ ሮጣ ጫማዋን አጠለቀች።

ጋሼ፣ የእርስዎ ሥራ አይታይም፤ ግድግዳ ውስጥና መሬት ሥር ነው። ስንቱ ሰው ምን እንዳተረፈው ሳያውቅ ልብሱን እያጠበ ይኖራል። ስለ እነሱም፣ ስለ እህቴም አመሰግናለሁ።

ይህን ሰፊ ባርኔጣ የገዛችልዎ እሷ ናት። ከዛሬ ጀምሮ አናትዎ ላይ ይዋል። አሮጌውን ቆብ ግን አንመልስልዎትም፤ እኛ ገና ሽቦ ላይ ነን።

በሉ፣ ብርጭቆ እናንሣ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ ደጅዎ በልጅ ልጅ ይሙላ፤ ከቤትዎም መብራት አይጥፋ፣ እርስዎ ራስዎ ካላጠፉት በስተቀር!