ጀማል ለምን ጎንበስ አለ?

ከኮልፌ ወደ አየር ጤና በሚሄደው ውይይት ታክሲ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ጎረቤቱ ለሆኑ አንዲት እናት የትናንቱን የቀበሌዎች ቅርጫት ኳስ ጨዋታ ይነግራቸዋል።

«ጀማል ጉድ ሠራን፣ እትዬ። ያን ሁሉ ቁመት ይዞ!»

«ምን አደረገ ልጄ?»

«በአንድ ነጥብ እየመሩን ነው። ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። ኳሷ እጁ ላይ፣ ቅርጫቱ አናቱ ላይ!»

«እሺ?»

«የሚከላከለው ልጅ ተንሸራቶ ወደቀ። ጀማል ሆዬ ኳሷን ጣል አድርጎ፣ ‹እኔን!› ብሎ ሊያነሳው ጎንበስ አለ።»

«ታዲያ ምን ይበል?»

«ያግባ እንጂ! ሰፈሩ በሙሉ እሱን ብሎ ነው የወጣው። እርስዎ ራስዎ ይርዘምልን ብለው ወተት ሲያጠጡት አልነበር?»

«አጠጥቼዋለሁ። ልጁ ተጎዳ?»

«የቱ ልጅ?»

«የወደቀው ነዋ።»

«ክርኑ ተላጠ መሰለኝ። ጓደኞቹ እኮ ኳሷን አንስተው ሮጡ!»

«ይሩጡ፣ የት ይደርሳሉ! ጀማልን ዛሬም መጥቶ ወተቱን እንዲጠጣ ንገርልኝ።»

«እሱማ አፍሮ ከቤት አልወጣም።»

«እንግዲያው አንተ ውሰድለት።»

ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ፣ የሹራቤን እጅጌ ወደ ታች ስቤ ክርኔ ላይ የታሰረውን ፋሻ ሸፈንኩት።