ጥቁሩ ጉድጓድና እንዝርቴ

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ እጇን ታመመችና ባና የሚባለው ብርድ ልብስ የሚሠራበትን የበግ ጠጉር የምፈትለው እኔ ሆንኩ። መፍተል ለወንድ ነውር ስለሆነ ሰው በሌለበት መንገድ ላይ እንድፈትል እንዝርቴን በደብተር ቦርሳዬ ደብቄ ነበር ዘመሮ ትምህርት ቤት የምሄደው።

አንድ ቀን የፊዚክስ መምህራችን ስለ ሰማዩ ጥቁር ጉድጓድ ሲያስተምሩ፣ «ሲጠጉት ስበቱ እጅግ ይበረታል፤ ታዲያ የሚወድቅበት ነገር ምን ይሆናል?» አሉ። እኔ ገብቶኛል፤ ያለ እንዝርት ማስረዳቱ ግን አቃተኝ። አወጣሁት። «ለጉድጓዱ የቀረበው ጫፍ ከራቀው ይበልጥ ስለሚሳብ እንዲህ ይመዘዛል» ብዬ ጠጉሩን ክር አደረግኩት።

«እሜቴ፣ ለእኛም ይፍተሉልን» አለ ታደሰ፣ የክፍሉ ጉልበተኛ፣ ከኋላ ወንበር። ክፍሉ አውካካ። መምህሩ ግን «ትክክል ነው። ከገባ በኋላስ?» አሉኝ።

«ከዚያማ አይታይም፣ መምህር» አልኩ። አብሬው ብገባ ደስ ባለኝ።

ስንወጣ ታደሰ ተከተለኝ። ልንደባደብ ነው ብዬ ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። እሱ ግራ ቀኙን አየና ጠጋ ብሎ፣ «ክርህ ወፍሯል፤ ጠጉሩን በደንብ ሳታባዝት ነው የምትፈትለው» አለኝ።

ከኋላ ወንበር ሆኖ ይህን የሚለየው ራሱ የሚፈትል ብቻ ነው። ይኸው ለእናንተ እስክነግር ድረስ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።